በእኔና በግሴ መካከል የገባችው ማን ናት?

የእንግሊዝኛ ነገር ሲነሳ ሰው የሚያማርረው በፊደሉ ነው። የማትነበብ ‹ኬ› ከ‹ናይፍ› ፊት ለምን ተገተረች ይላሉ። እሷስ ተገትራ ትቅር፤ ድምፅ የላት፣ ማንን ትነካለች? እኔን በስተርጅና፣ እዚህ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ፣ ደም ብዛቴን የምታስነሳብኝ በ‹አይ›ና በግሱ መካከል ሾልካ የምትገባው ተውሳከ ግስ ናት።

‹አይ ድሪንክ ኮፊ ኦልዌይስ› አልኩ እንበል። ምን ጎደለ? እኔ አለሁ፣ መጠጣቱ አለ፣ ቡናው አለ፣ ሁልጊዜውም ሳይቀር አለ። የልጅ ልጄ ግን ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አባባ፣ አይ ኦልዌይስ ድሪንክ ነው የሚባለው» ትለኛለች። ይሁን፣ ከግሱ በፊት ትግባ አልኩ። በዚሁ ሕግ ‹አይ ኦልዌይስ አም ታየርድ› ስላት ደግሞ፣ «ኧረ አባባ! አይ አም ኦልዌይስ ታየርድ!»። ቅድም ከግሱ ፊት የነበረችው አሁን ከኋላው ሆነች። ‹አም› ከ‹ድሪንክ› በምን ይበልጣል ብዬ ብጠይቃት፣ «እንዲሁ ነው የሚባለው» አለችኝ። በእኛ ጊዜ መምህር ፊት እንዲህ ያለ መልስ የሰጠ ተማሪ ተንበርክኮ ይውል ነበር።

የመግቢያው ነገርማ ጭራሽ ዳኛ የሌለበት ነው። ‹ኦልዌይስ› ትገባለች፣ ‹ኔቨር› ትገባለች፣ ‹ኦፍን› ትገባለች። ‹ኤቭሪ ደይ› ግን በራፉን አታልፍም፤ ‹አይ ኤቭሪ ደይ ድሪንክ› ያለ ሰው ወዮለት። ‹የስተርደይ›ም ክልክል ነች። ‹ስሎውሊ› ትችላለች፣ ‹ፋስት› አትችልም። ረዳት ግስ ሲመጣ ደግሞ ከሱ ኋላ መሰለፍ ነው፦ ‹አይ ሃቭ ኔቨር ሲን›። ረዳቶቹ ሁለት ሦስት ከሆኑስ? ከመጀመሪያው ኋላ። ይህን ሁሉ እያሰላ ዳቦ የሚገዛ ሰው ዳቦው ሳይሻግትበት ይደርሳል?

በአማርኛ አድራጊውና ድርጊቱ ባልና ሚስት ናቸው። ‹እጠጣለሁ› ስል እኔ ያለሁት እዚያው ግሱ ውስጥ ነው። ‹ሁልጊዜ› ቡናዬን ቢቀድም፣ ቡናዬ ‹ሁልጊዜ›ን ቢቀድም፣ ሁለቱም ደጅ ናቸው፤ መኝታ ቤት ዘልቆ በመካከላችን የሚተኛ የለም። እንግሊዞች ግን ‹አይ›ን ከግሱ ለይተው አቆሙትና መሐል ላይ ክፍተት ተዉ። ክፍት ቤት ደግሞ እንግዳ አያጣም።

በማኅበራችን፣ የመኪና ማቆሚያ ቤት የሚሠሩ አንድ ጨዋ ሰው አሉ። አለቃቸው ሥራ እንዴት ነው ሲላቸው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው «አይ ሃርድሊ ዎርክ» አሉት። ‹ሃርድ› ጠንክሮ ማለት ነው፤ ‹ሊ› ተቀጥላበት ከግሱ ፊት ስትቆም የበለጠ የምትከበር መስሏቸው ነው። ያሉት ግን «እኔ ሥራ የሚባል ነገር እምብዛም አልነካም» ሆኖ አረፈው። አለቃውም «እኔም እንደዛው ነኝ» ብሎ አለፈ።

ከሁሉ የምትከፋው ግን ‹ሪሊ› ናት። ምራትህ ላዛኛ ሠርታ አቀረበችልህ። ‹አይ ዶንት ሪሊ ላይክ ኢት› ብትል፣ እምብዛም አልወደድኩትም ማለትህ ነው፤ ትንሽ ትከፋለች፣ ሰላጣ ትጨምርልሃለች። ‹ሪሊ›ን አንድ እርምጃ ወደፊት ገፋ አድርገህ ‹አይ ሪሊ ዶንት ላይክ ኢት› ካልክ፣ ከልቤ ጠላሁት ብለሃል። በሚቀጥለው እሑድ የሚጋብዝህ የለም። የተጨመረ ቃል የለ፣ የተቀነሰ የለ!

ወጣት ሳለሁ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ የሰላም ጓድ ፈረንጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ወደ አገራችን ከመጡት አንዱ። እሱ ደግሞ የሚከለክለን ማስገባቱን ነበር፤ ‹ቱ›ንና ግሱን በተውሳከ ግስ አትለያዩ ይለን ነበር። ይህን ክልከላ ካራገቡት አንዱ ሄንሪ አልፎርድ የተባለ የካንተርበሪ ካቴድራል አለቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1864 ባሳተመው መጽሐፍ። ቄስ ነውና ከተጋቡ በኋላ መለየት አይወድም ብዬ አልፈዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1926 መዝገበ ቃላት ያወጣው ሄንሪ ፋውለር ግን ትርጉም እስካልተምታታ ድረስ በሌላዋ ተውሳከ ግስ፣ በ‹ኦንሊ›፣ ቦታ ሰውን አታሰቃዩ ያለ ሰው ነው። ከእንግሊዞች ሁሉ የሰው ልጅ አዘነለት የምለው እሱን ነው።

የኔን ስሕተት የምትቆጥሩ ልጆች እስቲ ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 ካፒቶል ፊት ለፊት ሕዝብ እንደ አሸዋ ፈስሶ ባራክ ኦባማ ይምላል። የሚያስምለው ዳኛ ጆን ሮበርትስ ነው፤ ሃርቫርድ የተማረ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ። መሐላው 35 ቃል ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ። ‹አይ ዊል ፌይዝፉሊ ኤክሰኪዩት› ይላል፤ ‹በታማኝነት› የምትለው ቃል በረዳቱና በግሱ መካከል ናት። ሮበርትስ ወረቀት ሳይዝ በቃሉ ሲያስምል ‹ፌይዝፉሊ›ን ከመሐል አውጥቶ ዓረፍተ ነገሩ ጅራት ላይ ሰቀላት። ኦባማ ግራ ገብቶት ቆም አለ፤ ዳኛው ሊያስተካክል ሞክሮ ይብስ አደናበረው፤ በመጨረሻ ኦባማም ቃሏን እዚያው ጅራት ላይ አድርጎ ማለ።

ሰዋስው አልተጣሰም እኮ። ታማኝነቱም ያው ነው። ሆኖም በማግስቱ፣ ጃንዋሪ 21፣ ዋይት ሃውስ የካርታ ክፍል ውስጥ እንደገና አማሉት፤ ነገር እንዳይመጣ በሚል ጥንቃቄ። የሥነ ልሳን ምሁሩ ስቲቨን ፒንከር በዚያው ሰሞን ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ፣ ዳኛው ግስ በተውሳከ ግስ አይከፈልም የሚለው አጉል እምነት ሳይዘው አልቀረም ብሎ ጻፈ። እንግዲህ አንድ ፕሬዚዳንት ሁለት ጊዜ ያስማለች ቃል እኔን ቡና ብትከለክለኝ ይገርማል? ግን ለሮበርትስ የማታ ትምህርት ግባ ያለው የለም። ለእኔ ግን ማስታወቂያ ያመጡልኛል፤ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ በነፃ።

እኔስ በዚሁ አገር መሐላ ምዬ የለ? የዜግነት መሐላው ‹አይ ሂርባይ ዲክሌር› ብሎ ይጀምራል፤ ገና አፍህን ስትከፍት መሐል ገብታ ትጠብቅሃለች። ቀጥሎ ‹አይ አብሶሉትሊ ኤንድ ኢንታየርሊ ሪናውንስ› ይላል። ጭራሽ ሁለት ሆነው፣ ከነማያያዣቸው! አንዷ መቼ አነሰች? ቀኝ እጃችንን አንስተን አብረን ከማልነው ብዙዎቹ ‹ኢንታየርሊ› ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ፤ እኔ ግን ጮክ ብዬ ነው ያልኳት። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ ያው መሐላ ተገልብጦ ‹አይ ቴክ ዚስ ኦብሊጌሽን ፍሪሊ› ይላል። ‹ፍሪሊ› ከግሱም ኋላ፣ ከተሳቢውም ኋላ! አዳራሹ ሙሉ ሰው እንዲያ ብሎ ሲምል ቦታዋ እዚያ አይደለም ያለን የለም፤ ትንንሽ ባንዲራ አድለው አሰናበቱን።