ጉዳዩ፦ ኮምፒውተር ለማይነካበት የኮምፒውተር ግራፊክስ ኮርስ ምስጋና ስለማቅረብ

ለኮምፒውተር ሳይንስ ዲፓርትመንት የትምህርት ኮሚቴ
ባላችሁበት

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው «ኮምፒውተር ግራፊክስ» የተባለውን ኮርስ ያለ ኮምፒውተርም ያለ ግራፊክስም እንድንጨርስ ስላበቃችሁን ልናመሰግን ነው።

የነጥብ አሰጣጣችሁ በጥበብ የተሞላ ነው። ፋይናል 50፣ ሚድ 20፣ ኩይዝ 10፣ ፕሮጀክት 15፣ አቴንዳንስ 5። ከመቶው ሰማንያው በወረቀትና በእስክሪብቶ ይገኛል። አምስቱ ደግሞ ላብ ገብቶ የጠፋ ኮምፒውተር ፊት በሥርዓት ለተቀመጠ ይሰጣል። መብራት ሲኖር ቁልፍ ያዡ የለም፤ ቁልፍ ያዡ ሲመጣ መብራት ይሄዳል።

ለፋይናሉ ግን የተለየ አክብሮት አለን። ከ(20፣10) እስከ (30፣18) ያለውን መስመር በብሬዘንሃም ስልት አስሉ ይላል። መስመሯ ከሄርንና ቤከር መጽሐፍ የተነቀለች ምሳሌ መሆኗን ከኛ በፊት የተማሩትም ያውቃሉ፣ ከእነሱ በፊት የነበሩትም ያውቁ ነበር። የመጀመሪያው የውሳኔ ቁጥር 6 መሆኑን ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት የማይነግራችሁ የዶርም ልጅ የለም። ፒክስሎቹን እንደ ዳዊት ነው የምንደግማቸው። እባካችሁ 18ን ወደ 17 እንዳትቀይሩብን፤ ክፍሉ በሙሉ ያልቃል።

ጃክ ብሬዘንሃም ይህን ስልት እ.ኤ.አ. በ1962 አይቢኤም ውስጥ ሲያዘጋጅ፣ የዚያን ጊዜ ማሽን ከክፍልፋይ ጋር ሳይታገል ሙሉ ቁጥር እየደመረ ብቻ መስመር እንዲያሰምር ብሎ ነበር። ከማሽን ላይ ድካም ለማንሳት የተፈጠረን ሥራ መልሶ በሰው ትከሻ ላይ መጫን ከእናንተ በቀር ለማን ይታየዋል?

ኮድም በወረቀት እንጽፋለን። ያውም እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፕን ጂኤል የተባለው የግራፊክስ ላይብረሪ 3.0 ሲወጣ ጊዜው አልፎበታል የተባለውን የአጻጻፍ ዓይነት። ሴሚኮለን የዘነጋ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ኮምፓይለሩ ቢኖር በቅጽበት ይነግረው ነበር። የማትሪክሶቹን ቅደም ተከተል ያዘባረቀው ግን ሙሉውን ያገኛል፣ ገጹን ሞልቶታላ! ስክሪን ላይ ቢሆን በቦታዋ ቆማ መዞር የነበረባት ቤት መነሻ ነጥቡን እየዞረች ከመስኮቱ ስትወጣ ሁላችንም እናይ ነበር። ወረቀት ላይ ያለች ቤት ንቅንቅ አትልም።

የፕሮጀክቱ ነገር ሰፋ ይላል። ከ15ቱ 10ሩ ለዶክመንት ነው፦ የሽፋን ገጽ፣ ምስጋና፣ ስኮፕ፣ ሊሚቴሽን፣ ፊዚቢሊቲ። የምትሽከረከር አንዲት ሦስት ማዕዘን በኢኮኖሚ ረገድ ታዋጣ እንደሆነ ሁለት ገጽ ጽፈናል። ታዋጣለች።

አንድ ጓደኛችን ጀበና ልሥራ ብሎ ተነሣ። የጎኗን ቅርጽ በቤዚዬ ኩርባ አወጣ፤ ኩርባውን በዘንግ ዙሪያ አሽከርክሮ ሆዷንና አንገቷን ሠራ፤ ጆሮዋን ለብቻ ቀርጾ ገጠመላት። ጥቁሩ ሸክላ ላይ ብርሃን እንዲያርፍ ደግሞ ቡይ ቱዎንግ ፎንግ በ1973 ያቀረበውን ስሌት አስገባበት። ስክሪን ላይ ስትታይ ቡና የምታስጠማ ነበረች። ዶክመንቱ ስድስት ገጽ ብቻ ስለሆነና ስላልተጠረዘ 7 ተሰጠው። ቀጥሎ የቀረበው ቡድን የሻይ ማንቆርቆሪያ አሳየ። ማንቆርቆሪያዋ ግሉት በተባለው ላይብረሪ ውስጥ ተዘጋጅታ የተቀመጠች፣ በአንድ መስመር ኮድ የምትጠራ ናት። ዶክመንታቸው ወፍራም፣ ጥራዙም ስፓይራል ነበር። 15 ከ15።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአፍታ እናቁመው። ያችን ማንቆርቆሪያ በ1975 ዩታ ዩኒቨርሲቲ የሠራት ማርቲን ኒውል፣ ቤቱ የነበረችውን ዕቃ አይቶ ነድፎ፣ የኩርባዎቹን ነጥቦች ወደ ኮምፒውተር ያስገባ ሰው ነው። ጓደኛችን ያደረገውም ይኸንኑ ነው። እናንተ ዘንድ ቢማር ኖሮ ኒውልም 7 ነበር የሚያገኘው።

በየቡድኑ ውስጥ ስማቸው ብቻ ስለገባ ልጆች ብዙ ማለት አንፈልግም፤ ሽፋን ገጹን ያሳመሩት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የምንለምነው ይህን ነው። ፋይናሉ ወደ 20 ይውረድ፣ ፕሮጀክቱ ወደ 50 ይውጣ፣ የአቴንዳንሱ 5 ይቅር። እያንዳንዱ ተማሪ በፊታችሁ ኮዱን ከፍቶ አንድ ነገር እንዲቀይር ይጠየቅ፦ ብርሃኑን ወደ ግራ አዙር፣ ቤቷን በራሷ መካከል አሽከርክር። ማን እንደሠራ፣ ማን ስሙን እንዳስገባ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትለዩታላችሁ። የክፍሉ ልጅ ብዙ ነው፣ ጊዜ የለንም እንደምትሉ እናውቃለን፤ 48 ገጽ ዶክመንት ለማገላበጥ የሚጠፋው ጊዜ ግን ለዚህ ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር
የግራፊክስ ኮርስ ተማሪዎች

ግልባጭ፦
ለሪጅስትራር (ለመረጃ ያህል)
ለላብ ቁልፍ ያዥ (መብራት ሲመጣ እባክዎ አብረው ይምጡልን)