ገዳም በሣጥን

የባለጸጋ ቅርስ ሰብሳቢ ስም በተነሣ ቁጥር «እርሱ ባይገዛው ኖሮ ጠፍቶ ይቀር ነበር» እያሉ ማመስገን የጨዋነት ምልክት ሆኗል። የምስጋናውን ተገቢነት ለመረዳት የአሜሪካዊውን የጋዜጣ ከበርቴ የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስትን ሕይወት መመልከት ይበቃል፤ ኸርስት ሥዕሉንም ሐውልቱንም ሲገዛ ኖሮ፣ ብዙውን ሣጥኑን እንኳ ሳይከፍት በመጋዘን አኑሮ ከተመልካች ዓይን ጠብቆታል። እ.ኤ.አ. በ1925 በስፔን የነበረ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ገዳም ገዝቶ፣ አስፈርሶ፣ በ11,000 ገደማ ሣጥኖች ወደ አገሩ አስጫነ፤ የከብት በሽታ የፈሩ ሹማምንት የማሸጊያውን ገለባ ሲያቃጥሉ ድንጋዮቹ ተደባለቁ፣ ገዳሙም ለ26 ዓመታት ያህል በብሩክሊን መጋዘን አረፈ።

ይህ በረከት ለጣና ዳርቻ ሳይደርስ መቅረቱ ያሳዝናል። በዘጌ የሚገኘው የኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ፣ ማለትም ታቦቱ የሚያርፍበት የውስጠኛው ክፍል፣ ጨርቅ በተለጠፈበት ግድግዳው ላይ የተሣሉት ሥዕሎች ዛሬም በዕጣን ጢስና በምእመናን እይታ ይጎሳቆላሉ። አስተዋይ ከበርቴ ቢገኝ ግን ሥዕሎቹ ተልጠው፣ አራት ማዕዘኑ ግድግዳ ፈርሶ፣ ሁሉም በየቁጥሩ ታሽጎ፣ ከደንገል በሚታሰረው ታንኳ እስከ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደብ አቋርጦ ይሄድ ነበር፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሣጥን 214፣ ፈረሱ በሣጥን 371 ሲጓዙ፣ ዘንዶው ቀረጥ ስላልተከፈለበት በጉምሩክ ይያዝ ነበር። የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት ንግሥ፣ ታቦቱ ወጥቶ የሚከበርበት ዓመታዊ በዓል፣ ሲደርስም ካህናቱ ዣንጥላቸውን ዘርግተው፣ የመጋዘኑን ደረሰኝ ይዘው፣ ባዶውን ቦታ ሦስት ጊዜ ይዞሩ ነበር፤ ደብተራዎቹም የሣጥኖቹን ዝርዝር በዜማ ለማድረስ ሌሊቱ አይበቃቸውም ነበር። ባለጸጋው ገንዘብ ሲያጥረው ደግሞ፣ ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1941 እንዳደረገው፣ ቅርሱ የቤት ዕቃ በሚሸጥበት መደብር ለገበያ ይቀርባል።

ቅርስ መወሰዱ ግን ምናብ ብቻ አይደለም፤ በጣናው ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ያሳነጹት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ዐፄ ኢያሱ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1744 በሱዳኑ የስናር መንግሥት ሲሸነፉ፣ ኵርዓተ ርእሱ የተባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል ተማርኮ ነበር፤ ስናሮች ቤዛ ተቀብለው መለሱት። እ.ኤ.አ. በ1868 ግን የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ የእንግሊዝ ጦር ከያዘው ከመቅደላ አምባ ወስዶ፣ ለሙዚየሙ እንኳ ሳያስረክብ፣ ለራሱ አስቀረው። ይህም «ማዳን» ተብሏል። ይህ ዝርፊያ ነው፤ ከዘራፊ የገዛም የዘረፋው ተካፋይ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ያፈነገጠች አንዲት ሰብሳቢ ብትኖር የእንግሊዛዊው የቢራ ከበርቴ ሚስት ሌዲ ሚውዝ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ስትሞት ከመቅደላ የተወሰዱትን ብራናዎቿን ለዐፄ ምኒልክ ተናዝዛ ነበር። ዐፄ ምኒልክ እስከ እ.ኤ.አ. 1913 በሕይወት ቢኖሩም ኑዛዜው ሳይፈጸም ቀረ፤ ከንብረቷ ገዢዎች አንዱም ኸርስት ነበር።