በር ያለው፣ ቤት የሌለው ግቢ

ወደ ኢቺጆዳኒ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ በሐሳቡ ሰማይ ጠቀስ ግንብና ሰይፍ የታጠቀ ሳሙራይ ይዞ ነው። በጃፓን ፉኩይ ግዛት፣ በተራሮች መካከል ከተሸጎጠው ከዚህ ሸለቆ ደርሶ በሩ ፊት ሲቆም ልቡ ይሞላል። ውሃ የሞላ ቦይ አለ፤ ክዳኑ የተቆለመመ ባለ ግርማ የእንጨት በርም አለ። ፎቶውን አንስቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይገባል። ውስጥ ሣር ነው።

እዚህ የነበረው የጦር አበጋዝ ቤት እ.ኤ.አ. በ1573 ተቃጥሏል። በሩም የጦር አበጋዙ አይደለም፤ ከቃጠሎው በኋላ በቦታው የተሠራ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ በር ነው። ጎብኚው ተሽቀዳድሞ የሚነሳበትን በር ባለቤቶቹ አይተውት አያውቁም።

ባለቤቶቹ አሳኩራዎች ኤቺዘን የተባለውን አገር ለአምስት ትውልድ፣ መቶ ዓመት ያህል ገዝተዋል። ግቢያቸው በሦስት ወገን በአፈር ካብና በቦይ፣ በጀርባው በተራራ የተከበበ ነበር። ምክርም አልጎደላቸውም። መሥራቹ ታካካጌ ለልጆቹ ተወው የሚባል ባለ 17 አንቀጽ ደንብ አለ። በ10,000 ሂኪ (የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ) ስመ ጥር ሰይፍ ከመታጠቅ ባለ 100 ሂኪውን ጦር 100 መግዛት ይሻላል ይላል። መልካም ቀን እየቆጠራችሁ የውጊያ ዕድል አታሳልፉ ይላል።

አምስተኛው ወራሽ ዮሺካጌ ቀን ይቁጠር አይቁጠር እንጃ፣ ቀኑ ግን አለፈው። ሾጉን፣ ማለትም የአገሪቱ የበላይ የጦር ገዢ፣ መሆን የሚሻው አሺካጋ ዮሺያኪ ተሰድዶ መጥቶ ወደ ኪዮቶ ዝመትልኝ ሲለው ድግስ ደገሰለት። ሳህኑ ተደረደረ፤ ጦሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እንግዳው ቢጠብቅ ቢጠብቅ ጊዜ በ1568 ወደ ሌላው የጦር አበጋዝ ወደ ኦዳ ኖቡናጋ ሄደ፤ ኖቡናጋም በዚያው ዓመት ኪዮቶ አስገባው። ከአምስት ዓመት በኋላ ኖቡናጋ ራሱ ኢቺጆዳኒ መጣ፤ ለድግስ ግን አልነበረም። ከተማዋ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ነደደች ይባላል። ዮሺካጌም የገዛ ዘመዱ ከድቶት ራሱን ገደለ።

አዲሶቹ ገዢዎች መቀመጫቸውን ወደ ዛሬዋ ፉኩይ አዞሩና ሸለቆው የሩዝ ማሳ ሆነ። ጭቃው ደግሞ ከእሳት የተረፈውን አደራ ጠበቀ። በ1967 ቁፋሮ ሲጀመር መንገዱ፣ ጉድጓዱ፣ የምሰሶው ማረፊያ ድንጋይ ሁሉ በቦታው ተገኘ። ከግኝቶቹ አንዱ የሽንት ቤት የእንጨት መከለያ ነው። እሱ ሲገኝ ነው በየግቢው በድንጋይ የተካቡት ጉድጓዶች አገልግሎት የታወቀው።

የቼዝ ዘመድ የሆነው የሾጊ ጠጠሮችም ወጥተዋል። ከመካከላቸው «የሰከረ ዝሆን» የተባለው አለበት። በጨዋታው ሕግ ይህ ዝሆን ማዕረግ ሲያገኝ አልጋ ወራሽ ይሆናል፤ ንጉሡ ቢማረክ እንኳ ጨዋታው ይቀጥላል። አሳኩራዎች ዝሆኑን ሰሌዳቸው ላይ ነበራቸው፤ ቤታቸው ውስጥ አልነበራቸውም።

እዚያ ለመሄድ ያሰበ መጀመሪያ በ2022 የተከፈተውን ሙዚየም ይይ፤ የመኖሪያው ከፊል ገጽታ በትክክለኛ መጠኑ ተሠርቶ የሚገኘው እዚያ ነው። የመመለሻውን ባቡር ሰዓትም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በዚያ መስመር ባቡር ቶሎ ቶሎ አይመጣም።