«ምን አገባኝ» ላሉት ጋሼ

ደሴ፣ ፒያሳ። ጋሼ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ወረወሩት፦ «ልጆቼ በግል ይማራሉ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢከፈት ቢዘጋ ምን አገባኝ?»

አብሽሩ ጋሼ፣ መልሱ ሱቅዎ ውስጥ ነው። ያ ደረሰኝ የሚቆርጥልዎ ልጅ የት ተማረ? መንግሥት ትምህርት ቤት። ባይማር ኖሮ ማንበቡንም ማስላቱንም እርስዎው ሊያስተምሩት፣ እየተሳሳተ ያጎደለውንም ሊችሉ ነበር። ዕቃዎን ጭኖ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርደው ሾፌርስ? ሲታመሙ መርፌ የምትወጋዎት ነርስስ?

«ግብሬን ይበላዋል!»

ልጅዎ 12ኛን ሲጨርስ የት ሊገባ ነው? ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከደረሰው፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ያው የመንግሥት ነው። ልጅዎ የሚጋራው የወጪውን ከፊል ነው፤ ከቀረው ላይ የራሱን ልጅ ከተማ ልኮ ማስተማር ያቃተው የአምባሰል ገበሬም ድርሻ አለበት። እሱ «ምን አገባኝ» አላለዎትም።

«ተምረው ኮምቦልቻ ቁጭ ብለዋል፤ ምን ጠቀማቸው?»

የኮምቦልቻው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ስንት ወጣት ተስፋ አድርጎ ወረደ! ከዚያ በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ገባ፤ ኮምቦልቻንም አዳረሰ። ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ፓርኩ ሥራ አቆመ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች፤ በፓርኩ የሚሰፋው ሸሚዝ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት በር ተዘጋ። ፋብሪካውን ያቆመውን ትተው ስፌቱን የተማረችውን ልጅ ይወቅሳሉ? ደግሞስ ፋብሪካ ሊከፍት የመጣ ባለሀብት መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? መብራት አለ ወይ፣ መንገድ አለ ወይ፣ የተማረ ሰው አለ ወይ። ሦስተኛው በአንድ ክረምት አይገነባም፤ 12 ዓመት ይፈልጋል።

«በ2015ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ያመጡት 3.2 በመቶ ናቸው! ይኼ ነው ትምህርት?»

እዚህ ላይ እኔንም አንገበገቡኝ፣ ጋሼ። ግን ቁጥሩ የአገር ነው፤ የግል ትምህርት ቤት ተማሪውም አለበት። መምህሩ ከደመወዙ የቤት ኪራይ ሲከፍል ለምሳ የሚተርፈው ካጣ፣ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ አንድ ከሆነ፣ ልጁ በምን ይለፍ? ትምህርት ቤት ሲታመም ያክሙታል እንጂ ይዘጉታል?

«እሺ፣ ምን ላድርግ ነው የምትለኝ?»

የሰፈርዎ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሲሰበሰብ ይምጡ። ሒሳብ ያውቃሉ፤ ለመጽሐፍና ለወንበር የተያዘው ብር የት እንደደረሰ ይጠይቁልን።