ቁርጥን ለማወቅም ክፈሉ

ሰልችቶናል። አጭር ልቦለድ እየጻፍን በእንግሊዝኛ ለሚታተሙ መጽሔቶች የምንልክ ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን ስለ ድርሰት መሆኑ ከቀረ ቆየ። «ከእነዚያኞቹ መልስ መጣልሽ?» ይላል አንዱ። «ኧረ የት ይመጣል! በፋሲካ የላኩት ይኸው እንቁጣጣሽ ደረሰ።» ከዚያ ወሬው ወደ ኪስ ይዞራል። ማን ለንባብ ስንት ያስከፍላል? ማን ቶሎ ይመልሳል? የማንን ደጅ ብንጠና ይሻላል? ይህን ለማወቅስ ለመከታተያ አገልግሎት በየወሩ መክፈል ያዋጣል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ያጨቃጭቀናል፤ ሳይቋጭም እንበተናለን። እኔ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጸሐፊ ድርሰቱ የት እንደደረሰ ለማወቅ ከኪሱ መክፈል የለበትም። ይህን የምለው ገንዘቡ በዝቶብኝ አይደለም።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል፤ ልከሃል፣ እንግዲህ ጠብቅ። ግን አንዳንዱ መጽሔት ያንኑ ድርሰት ለሌላም ልከህ ብትጠብቅ ግድ የለውም፤ ሌላው «መልስ እስክሰጥህ ለማንም እንዳትልክ» ይላል። የፈቀደውም ቢሆን ድርሰቱ ሌላ ቦታ ከተያዘ ወዲያው እንድታሳውቀው ይጠብቃል፤ ሳታሳውቅ ቀርተህ እሱም ከተቀበለው ስምህ ይበላሻል። አንዱ በዓመት ሁለት ወር ብቻ በሩን ይከፍታል። አንዱ ከ3,000 ቃል በላይ አያይም። ሌላው ደግሞ ስምህ ድርሰቱ ላይ ከተገኘ ሳያነበው ይጥለዋል። እጁ ላይ ስድስት ሰባት ድርሰት ያለው ሰው እያንዳንዱን ለአራት አምስት መጽሔት ከላከ የቱ የት እንዳለ በቃሉ ሊይዘው አይችልም። መዝገብ ያስፈልገዋል።

መዝገቡን ከሠሩልን ቀደምቶች አንዱ ዱዎትሮፕ የተባለው ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀመረ፤ ለዓመታት በተጠቃሚዎች መዋጮ በነጻ ሲያገለግል ቆይቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በወር 5 ዶላር፣ በዓመት ከሆነ 50 ዶላር የሚከፈልበት ሆነ። ብዙ ጸሐፊ ተቆጣ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዴቪድ ስቴፈን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ሰብሚሽን ግራይንደር የሚል ስም የሰጠውን ነጻ መዝገብ ከፈተ፤ እስካሁንም በለጋሾች ድጋፍ ይሠራል። ሁለቱም የሚሰጡት አገልግሎት ተቀራራቢ ነው። መጽሔቶችን በዘርፍ፣ በቃል ብዛትና በሚከፍሉት ዋጋ ትፈልግበታለህ፤ የላክኸውን ትመዘግብበታለህ፤ ከሁሉ በላይ ግን ይህ መጽሔት በአማካይ በስንት ቀን እንደሚመልስ፣ ከላኩለት ስንቱን እንደተቀበለ ታይበታለህ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ያ አኃዝ የሚመጣው ከእኛው ነው። ድርሰት የላከች ሁሉ የላከችበትን ቀን ትመዘግባለች፤ ሲመለስባትም ሆዷ እያረረ ያን ቀን ትጽፋለች። ሌላው ከሌጎስ፣ ሌላው ከማኒላ እንዲሁ ያደርጋል። የሁላችንም ጥበቃ ተደምሮ ሠንጠረዥ ይሆናል፤ ከዚያ ሠንጠረዡን ለማየት ክፈሉ እንባላለን። አንድ መጽሔት አዘጋጅ የገዛ የመልስ ጊዜውን እንዲህ ነው ብሎ በግልጽ ቢናገር ኖሮ የዚህ ሁሉ ድካም ግማሹ ባላስፈለገ ነበር።

በእርግጥ የሠራ ሰው ደመወዝ ይገባዋል። በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችን አንድ በአንድ እየዞሩ የትኛው እንደተዘጋ፣ የትኛው አድራሻ እንደቀየረ፣ የትኛው ለጸሐፊ መክፈል እንዳቆመ መፈተሽ ቀላል ሥራ አይደለም። ዱዎትሮፕም መጀመሪያ እየለመነ ነው የቆየው፤ አብዛኞቻችን በነጻ ተጠቀምን፣ ሲለምነን ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ስለዚህ የሚያስከፍሉትን ሰዎች ስግብግብ ብሎ መሳደብ ግፍ ነው። ወቀሳዬ ክፍያው ሌላ ነገር ስለሚያበላሽ ነው። በሩ ላይ ዋጋ ሲለጠፍ መዝገቡን የሚሞላው ሰው ይቀንሳል፤ የሚቀረውም መክፈል የሚችለው፣ ሥራውን አጥብቆ የያዘው፣ ድርሰቱ ቶሎ ቶሎ የሚታተምለት ነው። በዚያ ላይ የተሳካለት ለመመዝገብ ይቸኩላል፤ የተመለሰበት ይረሳል ወይም አንጀቱ እምቢ ይለዋል። በዚህ የተነሳ ሠንጠረዡ ላይ የሚታየው የተቀባይነት መጠን ከእውነተኛው ከፍ ይላል። አዲስ ጸሐፊ ያንን አይቶ ተስፋ ያደርጋል። ገንዘብ ከፍሎ ያገኘው መረጃ መልሶ ይጎዳዋል ማለት ነው።

ግን ዋናው በሽታ ከመዝገቡ ዘንድ አይደለም፤ ዝምታው ነው። ከአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች ብዙዎቹ ድርሰት የሚቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2010 ሞንታና ውስጥ ሚዙላ ከተማ በተመሠረተው የድርሰት መቀበያ ኩባንያ፣ በሰብሚተብል በኩል ነው። ገጹን ስትከፍት ከድርሰትህ ርዕስ አጠገብ አንዲት ቃል ተጽፋ ታገኛለህ፤ «ደርሷል» ትላለች። ሳምንት ሙሉ «ደርሷል»። ወር ሙሉ «ደርሷል»። አንድ ቀን ጠዋት ቡናህን ይዘህ ስትከፍት «በሂደት ላይ» ሆና ታገኛታለህ፤ ልብህ ይዘላል። አንብበውታል ማለት ነው? ለዋና አዘጋጁ አልፏል ማለት ነው? ምንም ማለት ላይሆን ይችላል፤ አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶት ወይም ለአንባቢ ደልድሎት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ያቺው ቃል ለወራት አትነቃነቅም። ሰው ከሥራ ሲወጣ ባቡር ውስጥ እየከፈተ ያያታል፤ ከመተኛቱ በፊትም ያያታል። እንዲህ ያለ ሰው አምስት ዶላር ከፍሎ «እነዚህ ሰዎች ሌሎቹን መቼ መለሱላቸው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የሚሸጥለት የጭንቀት ማስታገሻ ነው።

ዛሬ ደግሞ ከዝምታው ላይ የንባብ ክፍያ ተጨምሯል። ብዙ መጽሔቶች ድርሰት ለማስገባት 3 ዶላር ገደማ ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ላይ የመቀበያው ኩባንያ ድርሻውን ያነሳል። ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ «ድሮ ለፖስታ ታወጡት ከነበረው አይበልጥም» የሚል ነው። ይህን ክርክር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ድሮ ድርሰት የሚልክ ሰው አድራሻው የተጻፈበትና ቴምብር የተለጠፈበት ባዶ ፖስታ አብሮ ይልክ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚልክ ከሆነ የአሜሪካ ቴምብር ስለማያገኝ ከፖስታ ቤት ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን ይገዛ ነበር። ያ ገንዘብ ለፖስታ ቤት እንጂ ለመጽሔቱ አይገባም። የሚከፈለውም ለመልሱ ነው፤ ፖስታው ተመልሶ ይመጣል፤ ውስጡ ጣት የምታህል ወረቀት ብትሆንም ቁርጥህን ታውቃለህ። ዛሬ የምንከፍለው 3 ዶላር መልስ አይገዛም። እንዲያውም ከሚያስከፍሉትም ከማያስከፍሉትም መካከል «በዚህን ያህል ጊዜ ካልመለስን አልተቀበልነውም ማለት ነው» ብለው የጻፉ አሉ። ለመላክ ከፍለህ፣ መልሱ መቼ እንደሚመጣ ለመገመት ሌላ ከፍለህ፣ በመጨረሻ ዝምታን እንደ መልስ ቁጠር ትባላለህ።

አዘጋጆቹም ሰዎች ናቸው፤ አውቃለሁ። ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ በትርፍ ጊዜያቸው ያነባሉ፤ በዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉትን የሚያነቡላቸው ተማሪዎች ክረምት ሲገባ ይበተናሉ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በማሽን የተጻፈ ጽሑፍ ጎርፏል። ክላርክስወርልድ የሚባለው የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 20 ቀን በሩን ለጊዜው እስከ መዝጋት ደርሷል፤ በዚያ ወር ብቻ 500 ያህል በማሽን የተሠሩ ጽሑፎች ገብተውበት ነበር። ግን በምሳሌነት ላነሳው የምፈልገውም ይህንኑ መጽሔት ነው። አዘጋጁ ኒል ክላርክ የድርሰት መቀበያውን ራሱ ነው የሠራው። እዚያ የላክኸው ድርሰት ወረፋው ስንተኛ ላይ እንደሆነ በቁጥር ታያለህ፤ ወረፋው ሲያጥር ቁጥሩም ይቀንሳል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ በወራት ሳይሆን በቀናት ይመጣል። ለመላክ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም፤ ለሚያትመው ጸሐፊ ግን ይከፍላል። ለክላርክስወርልድ የላከ ሰው ድርሰቱ የት እንዳለ ለመገመት ለማንም መክፈል አያስፈልገውም። ወረፋን ማሳየት ከባድ ሥራ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። በጀት ያላቸው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚደግፋቸው መጽሔቶች ይህን የማያደርጉት አቅም ስላጡ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

የእኛን አገር ሰው ስጨምርበት ደግሞ ነገሩ ይመራል። አዲስ አበባ ያለች አንዲት ወጣት ጸሐፊ በቴሌግራም ትጽፍልኛለች። በእንግሊዝኛ ጥሩ ትጽፋለች፤ ድርሰቶቿን አንብቤያቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ያቺን 5 ዶላር በካርድህ ክፈልልኝ፤ ብሩን ለእናትህ እሰጣለሁ» አለችኝ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ያቺ አምስት ዶላር ከ500 ብር በላይ ሆናለች። ብሩ ቢኖራትም እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። ከፈልኩላት። ከዚያ የንባብ 3 ዶላር መጣ፤ እሱንም ከፈልኩ። እኔ ባልኖርስ? ዘመድ አሜሪካ የሌለው ጸሐፊ ምን ይሁን? አገር ቤት በአማርኛ ለጋዜጣ ድርሰት የሚሰጥ ሰው ቢያንስ ቢሮው ድረስ ሄዶ አዘጋጁን ፊት ለፊት «ምን ደረሰ?» ሊል ይችላል። ለእሷ የሚከፈት ቢሮ የለም።

መጠበቋም ከንቱ ምኞት አይደለም። ጸሐፊዋ ሜሮን ሃደሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአፍሪካውያን አጭር ልቦለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ነበረች፤ ያሸነፈችበት አጭር ልቦለድ ቀደም ብሎ የታተመው ሳን ፍራንሲስኮ ባለ ዚዚቫ የተባለ መጽሔት ላይ ነው። ለዚያ ሽልማት የሚወዳደረው የታተመ ድርሰት ነው፤ ለውድድር የሚያቀርበውም አሳታሚው ነው። መጽሔት ያላተመለት ጸሐፊ እዚያ በር ድረስ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ የሦስት ዶላሩም የአምስት ዶላሩም አጥር የሚመርጠው ማን በደንብ ጻፈ በሚለው አይደለም፤ ማን ካርድ አለው በሚለው ነው።

የሚገባልንንም ገንዘብ እንይ። የሳይንስና የምናብ ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለባለሙያ የሚመጥን የሚለው ዝቅተኛ ክፍያ በቃል 8 ሳንቲም ነው፤ 3,000 ቃል ለጻፈ 240 ዶላር ይሆናል። ከሥነ ጽሑፍ መጽሔቶቹ ግን ብዙዎቹ ምንም አይከፍሉም፤ የሚሰጡት ድርሰትህ የወጣበትን እትም ሁለት ቅጂ ነው። ጄምስ ማክዶናልድ የተባለው ጸሐፊ ገንዘብ መፍሰስ ያለበት ወደ ደራሲው ነው የሚል መርህ ለሙያ ባልደረቦቹ ትቷል። እኛ ዘንድ ግን ገንዘቡ ከደራሲው ይወጣል፤ ሲመለስ አናየውም።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ለመከታተያ አትክፈሉ። ለመዝገብ ኤክሴል ይበቃል። የድርሰቱ ርዕስ፣ የመጽሔቱ ስም፣ የተላከበት ቀን፣ ለሌላ መላክ ይፈቀዳል አይፈቀድም፣ መልስ የመጣበት ቀን፤ ከዚህ ሌላ ምንም አያስፈልግም። መጽሔት መፈለግ ካስፈለጋችሁ ግራይንደሩ አለ። የተመለሰባችሁን ሁሉ እዚያ መዝግቡ፤ ቢያምም መዝግቡ፣ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅመዋል። የቻለ በዓመት የፈለገውን ያህል ይለግስ፤ ለነጻ አገልግሎት ከልብ የሚሰጥ ገንዘብና በዝምታ ተገድዶ የሚከፈል ገንዘብ እኩል አይደሉም።

ከአዘጋጆቹ የምንጠይቀው ምስጋና አይደለም፤ አስተያየትም አይደለም። በሁለት መስመር «አልተቀበልነውም» ብላችሁ ጻፉልን፤ ለሁሉም የሚላክ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ቢሆንም አይከፋንም። ባለፈው ዓመት ስንት ድርሰት እንደደረሳችሁ፣ ስንቱን እንዳተማችሁና በስንት ቀን እንደመለሳችሁ ገጻችሁ ላይ አውጡት። 3 ዶላር የምትቀበሉ ከሆነ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባችሁ። የእኔ የዱዎትሮፕ አባልነት በዚህ ወር ያበቃል፤ አላድሰውም። የልጅቷንም አላድስላትም፤ እሷም ተስማምታለች። በዚያ ገንዘብ የሚቀጥሉትን ድርሰቶቿን የንባብ ክፍያ ለሚጠይቁ መጽሔቶች እንልክበታለን፤ ከእያንዳንዳቸው ጋርም መልስ መቼ እንደምንጠብቅ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ አብሮ ይሄዳል።