አንዲት መስመር ብቻ

«ሴቲንግሱ ላይ አንዲት መስመር ቀይርና ጨርስ» የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዱን ቡሬ ወስጄ የገበሬ ማኅበር መዝገብ ለአንድ የበጀት ዓመት ባስረከብኩት! ይህን ምኞት የምመኘው ብቻዬን አይደለሁም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ላፕቶፕ አንግቶ ለማኅበር፣ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ በሆዱ ይዞት ይዞራል።

የድረ ገጽ ፕሮግራም መሥሪያ የሆነውን ጃንጎን እንይ። ካንሳስ ውስጥ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ ጋዜጣ ቤት ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። የአገሩ ነገር እስካሁን አልወጣለትም፤ የሰዓት ቀጠናውን ሳትጽፍ ከተውከው የቺካጎን ይሰጥሃል። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍት ደግሞ ዩቲሲ ተጽፎ ይጠብቅሃል። «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ብለህ ታርመዋለህ። ተገላገልክ? የመጋዘን ጸሐፊው በቆሎውን የተረከበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። እጁ ላይ ያለው ሰዓት 3 ይላል፣ ስክሪኑ 9 ይላል፣ ዳታቤዙ 6 ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ማንን ትቆጣለህ? ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ ቀጠናውን ቦነስ አይረስ ብትለው ስክሪኑ 3 ሰዓት ይላል፣ ቀኑም እንደኛው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል። የጎጃምን ሰዓት ፍለጋ አርጀንቲና ድረስ!

ሰዓቱስ ይሁን፤ ቀኑ ነው የሚያቃጥለው። የቀን አጻጻፍ የሚመረጥባቸው መስመሮች ሞልተዋል፤ ቀን ይቅደም፣ ወር ይቅደም፣ በነጥብ ይለይ፣ በሰረዝ ይለይ። ዘመኑ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ግን የለም። ጳጉሜ 3ን በ13ኛ ወር ብታስገባ ጃንጎ የተጻፈበት ፓይተን ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት ብሎ ይመልስሃል። የካቲትን ፌብሩዋሪ አድርገህ 30 ብትል ፌብሩዋሪ 30 የለውም ይልሃል። እነዚህስ ደግ ናቸው፤ ቢያንስ ይጮኻሉ። ጥርን ጃንዋሪ አድርጎ ጥር 5 ቀን 2017ን የጻፈ ጸሐፊ ግን ጃንዋሪ 5፣ 2017 ተብሎ ድምፅ ሳይሰማ ይገባለታል። የዚያ ዓመት የማዳበሪያ ዕዳ ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ይቀመጣል፤ ኦዲተር እስኪመጣም ማንም አያየው። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1፣ በፈረንጁ ጁላይ 8 ነው። ሪፖርቱን በፈረንጅ ወር ቆርጦ ለሚያወጣ ፕሮግራም ይህን ማስረዳት ዓለት መውቀር ነው።

የስሙ ነገርም አለ። ከጃንጎ ጋር አብሮ የሚመጣው የተጠቃሚ ሠንጠረዥ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ይጠይቃል። አንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሰዎች እንደሚኖሩ፣ የሚለያቸውም አያት እንደሆነ ካንሳስ ከየት ይወቀው? መፍትሔ አለው፤ አንዲት መስመር! የራስህን የተጠቃሚ ሞዴል ሴቲንግሱ ላይ ትጠቁማለህ። ግን ዳታቤዙን ከሚያዋቅረው ከመጀመሪያው ማይግሬሽን በፊት ካላደረግከው በኋላ መቀየሩ አበሳ እንደሆነ መመሪያው ራሱ ያስጠነቅቃል። እኛ ደግሞ አያት እንደሚያስፈልግ የምንሰማው ሥራው አልቆ፣ የአባላቱ መዝገብ ገብቶ፣ ሁለት ገበሬዎች በአንድ ስም ማዳበሪያ ሲሟገቱ ነው።

ዲበግ የሚባለውን መስመርስ ማን ይርሳው? ትሩ ካልከው ስሕተት በተፈጠረ ቁጥር የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ ለአላፊ አግዳሚ ይዘረግፋል። ፎልስ ስትለው የተፈቀዱትን አድራሻዎች አልሞላህምና 400 ብሎ በሩን ይዘጋብሃል። አድራሻውን ስትሞላ መልኩና ምስሉ ይጠፋል፤ ስታቲክ ፋይል የሚያቀርብ ሌላ ነገር አዘጋጅ ማለቱ ነው። ታክቶት ትሩ ላይ ትቶት የሄደው ስንቱ ነው! ወደ ሌላው መሥሪያ፣ ወደ ላራቬል፣ የሸሹትም አላመለጡም። የኢንቪ ፋይሉን አርመው ምንም ነገር ሳይለወጥ ሲያመሹ፣ ለካ ኮንፊጉ ካሽ ተደርጎ ኖሯል።

የዚህ ሁሉ መልስ ኢንተርኔት ላይ አለ ይሉናል። እውነት ነው፤ ኢንተርኔት ሲኖር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ከተቋረጠ በኋላ በነበሩት ወራት አንድ የፓይተን ጥቅል ለመጫን ፍላሽ የሚያመጣ መንገደኛ መጠበቅ ነበረብን። ፍላሹ ሲደርስ ደግሞ ያ ጥቅል ሌላ ጥቅል ይጠይቃል።

«አይቻልም» እንዳንባል፣ የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ዲኤችአይኤስ 2 የቀን መቁጠሪያ የሚመረጥበት ቦታ አለው፤ ከምርጫዎቹም አንዱ የኢትዮጵያው ነው። በኖርዌይ ብርድ የተሠራ ፕሮግራም ጳጉሜን አወቃት። ጃንጎ ግን ከቋንቋዎቹ መካከል ስዋሂሊ አለው፣ ዌልሽ አለው፣ አገር የሌለው ኤስፔራንቶ እንኳ አለው፤ አማርኛ የለውም።

«ትርጉሙ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው፤ ለምን አትተረጉሙትም?» ትሉን ይሆናል። እንተረጉማለን፤ ብቻ የሐምሌው ሪፖርት ይለፍልን። ከሐምሌ በኋላ ነሐሴ ነው፣ በነሐሴ ጸሐፊዎቹ የሳቱትን ቀን ስናቃና እንከርማለን። ከዚያ ትንሽ ፋታ የምናገኘው በጳጉሜ ነበር፤ እሷን ደግሞ ሲስተሙ አይቀበልም።