ሮም፣ ደርሶ መልስ

የአጎቴ ልጅ ሮምን ብቻውን ጎብኝቶ መጣ። «ብቻዬን» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሱባኤ ገብቶ የወጣ ይመስላል። ጓደኛ አላስከተለም፣ አስጎብኚ አልቀጠረም፣ መንገድ ላይ ሰው አልጠየቀም። አራት ቀን ሙሉ ያነጋገረው ስልኩን ነው። እኛ ቆላ አንድ ጎረምሳ አራት ቀን ሰው ሳያናግር ቢሰነብት ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ያደርሰው ነበር። ፍራንክፈርት ለሚኖር ሰው ግን ነገሩ ራስን መፈለግ ይባላል። አገኘኸው ወይ አላልኩትም፤ እንግዳ ነው፣ ነውር ነው።

መጋቢት ነው፤ መተማ ዮሐንስ እንደ ምጣድ ግላለች። ዳስ ሥር ተቀምጠን ከርከዴ እየጠጣን ፎቶውን ያሳየኛል። ኮሎሲየም፦ 50 ሺህ ያህል ሰው ተቀምጦ ሰውና አውሬ ሲጨራረስ የሚያይበት የነበረ። «አያ፣ ድንጋዩን ስትነካው እኮ ታሪኩ ይሰማሃል» አለኝ። አምነዋለሁ። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ በዩሮ ከፍሎ የገባ ሰው ምንም ባይሰማው ነበር የሚገርመኝ።

ቀጥሎ ትሬቪ ፏፏቴ። ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ፣ በግራ ትከሻው ላይ አሳልፎ 2 ዩሮ ወርውሯል፤ እንዲህ ያደረገ ሮም ይመለሳል ይባላል። ሳንቲሙን ለቅመው ለካሪታስ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው የሚሰጡት፣ እሱስ ደግ ነው። ይህን ሲያጫውተኝ ጀሪካን የጫነች አህያ ከነባለቤቷ በፊታችን አለፈች። ዋጋውን ሰምቶ «ውሃ እንዲህ ይወደዳል እንዴ!» አለ። እውነቱን ነው። የሮሙ ውሃ ላይ ገንዘብ የጣለ ተመልሶ ሮምን ያያል፤ የኛው ላይ የጣለ ጠጥቶ ከመርካት ሌላ ምን ያተርፋል?

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ፎቶው ሁሉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ፍርስራሽ ትክ ብሎ ያያል። የብቻ ተጓዥ ደንቡ ነው አሉ፤ ፊት አይታይም።

«ብቻህን ከነበርክ ጀርባህን ማን አነሳው?»

«ይኼኛውን? አንድ ልጅ ነው፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ጋ ያገኘሁት። አበሻ ሳይሆን አይቀርም።»

«ከየት ነህ አላልከውም?»

«አያ፣ ብቻዬን ነበርኩ እኮ!»

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ብቸኝነት ደንብ እንዳለው አላወቅሁም። የኛ ብቻ ተጓዦች ደንብ የላቸውም። በየክረምቱ ፌስታል አንጠልጥሎ ከደጋ ለሰሊጥ አረም የሚወርደው ሳሉግ ብቻውን ነው የሚመጣው፤ የሚፈልገው ግን ራሱን አይደለም፣ ከወባ ተርፎ ይዞት የሚገባ ገንዘብ ነው። ይችን የሱዳን ድንበር ድልድይ ተሻግረው ጋላባት፣ ገዳሪፍ፣ ካርቱም፣ ሊቢያ እያሉ ወደዚያችው ሮም የሄዱትም አሉ። እነሱም ፎቶ ይነሳሉ፤ የሚያነሳቸው ደላላው ነው፣ ቤተሰብ ገንዘብ እንዲልክ። ከደረሱትም መካከል በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ከዚያው ጣቢያ አቅራቢያ ካለ ሕንፃ የተባረሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩበት፤ ፖሊስ በውሃ እየረጨ በተናቸው። ሮም መቼም ውሃ የሚያንሳት ከተማ አይደለችም።

ከርከዴውን ጨርሶ ዙሪያውን ቃኘ። የጭነት መኪናው ሰልፍ፣ የሰሊጥ ጆንያው፣ አቧራው።

«እዚህስ የሚታይ ነገር አለ እንዴ፣ አያ?»

«ኧረ ምንም» አልኩት።

ምን አለ ልበለው? አጤ ቴዎድሮስ እዚሁ ዞናችን ቋራ ተወለዱ፤ አጤ ዮሐንስ ደግሞ እዚሁ መተማ ወደቁ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ሠራዊታቸው የድርቡሽን አጥር ጥሶ ድሉ በእጅ ሊገባ ሲል በጥይት ተመቱ፤ በማግሥቱ አረፉ። ሠራዊቱ ወደ አትባራ ወንዝ ሲያፈገፍግ አስከሬናቸው ተማረከ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ለኸሊፋው ተላከ። በጦር ሜዳ የወደቁ የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥታችን ናቸው። እና ምን ይሁን? ወረፋ የለ፣ ጆሮ ላይ የሚሰካ ተርጓሚ የለ፣ መውጫው ላይ የፕላስቲክ ጋሻና ጎራዴ የሚሸጥ የለ። የት ጋ ነው ብትል ሰው በአገጩ ይጠቁምሃል፤ በነፃ። በነፃ የሚታይ ታሪክ ደግሞ ታሪክ ነው? የዮሐንስ ስሕተት ሮም ሄደው አለመሞታቸው ነው።

ሮማማ ለተሸነፈም አደባባይ ትሰጣለች። ይኼን ጊዜ አላስቻለኝም።

«ጣቢያው ፊት ለፊት፣ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበትን አደባባይ ስንት ጊዜ ተሻገርከው?»

«ኧረ አሥሬ! ሆቴሌ እዚያው ነበር።»

«ስሙስ?»

«ቺንኩዌቼንቶ።» በጣልያንኛው ኮራ አለ።

«አምስት መቶ ማለት ነው። የምን አምስት መቶ?»

ዝም አለኝ። ጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የፈጇቸው 500 የሚጠጉ የጣልያን ወታደሮች ናቸው አልኩት። አሉላ የማን የጦር አለቃ ነበሩ? የዚሁ የዮሐንስ፤ መተማም አብረዋቸው ተዋግተዋል። የሟቾቹ ሐውልት ያለው አንተ ጀርባህን የተነሳህበት መታጠቢያ አጠገብ ነው፤ ምናልባት ትንሽ ዞር ብትል ፎቶው ውስጥ ይገባ ነበር። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ወስደው ያቆሙት እዚያ ሐውልት ሥር ነው። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. አንበሳውን አይቶ ሰይፉን የመዘዘውም እዚያው ነው። እሱም ብቻውን ነበር።

የአጎቴ ልጅ ትንሽ ደንገጥ አለ። ፎቶውን በሁለት ጣት ሳበ፣ አጎላ፣ ጠርዝ ጠርዙን ፈለገ። ከዚያ ሊያጣራ ሌላ ነገር መታ መታ አደረገ፤ ስልኩ አንዴ የኛን ኔትወርክ፣ አንዴ የሱዳንን እየያዘ ሁለቱንም ለቀቀ።

«ኔት ሲመጣ አረጋግጣለሁ፣ አያ» አለና፣ ተነሥቶ ስልኩን ወደ ጋላባት በኩል ከፍ አድርጎ ያዘ።